ለትንሽ ግቢ ሣር ማጨጃ ሲገዙ መጀመሪያ መታጠፊያዎን ይቁጠሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ግቢና አትክልት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሣር ያለበት ግቢዬ 10 ሜትር በ16 ሜትር ነው። መሐሉ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ በአንድ ጎኑ የአበባ መደብ፤ ከቤቱ በስተጀርባ ያለው ሲሶ የሚሆነው ቦታ ደግሞ ተዳፋት ነው። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው በቤንዚን የሚሠራና በእጅ የሚገፋ ማሽን ነበር። ገመዱን እየሳብኩ ማስነሣት ትከሻዬን ጎድቶታል። ዕድሜዬ 61 ደርሷል፣ ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራና ጎማው በራሱ የሚሄድ ልገዛ ወስኜ ሁለት መርጫለሁ። አንደኛው 40 ቮልት ይላል፤ 41 ሳንቲ ሜትር ያጭዳል፣ የሚነዳው በኋላ ጎማው ነው፣ 23 ኪሎ ይመዝናል፣ ባትሪው 4 አምፔር-ሰዓት ነው። ሁለተኛው 60 ቮልት ነው፤ 53 ሳንቲ ሜትር ያጭዳል፣ የሚነዳው በፊት ጎማው ነው፣ 34 ኪሎ ይመዝናል፣ ባትሪው 5 አምፔር-ሰዓት ነው። ልጄ «ከገዛሽ አይቀር ጉልበት ያለውን ግዢ» ይለኛል። ከፊት ወደ ኋላ የሚያሳልፈው በር 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?
ወገቧን የምትጠነቀቅ አንባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ይግዙ። ከተቻለ ግን ያንኑ ማሽን ባለ5 ወይም ባለ6 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ካለው ጋር ይጠይቁ። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። ልጅዎም አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል። የመከረዎት ለእርስዎ አስቦ ነው፤ የተመለከተው ቁጥር ግን ለእርስዎ ግቢ የሚጠቅመው ቁጥር አይደለም።

ከቮልቱ ልጀምር፤ ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው እሱ ነውና። ባትሪው ውስጥ ጣት የሚያህሉ ብዙ ትናንሽ ሴሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የሊቲየም ሴል በመደበኛው 3.6 ቮልት ገደማ ነው፤ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። አሥሩ በተከታታይ ሲያያዙ በመደበኛው 36 ቮልት ይሆናሉ፤ ከቻርጀር እንደወጡ ግን ከ40 ያልፋሉ። አንዱ ፋብሪካ «36» ብሎ የሚጽፈው፣ ሌላው «40» የሚለው ያንኑ የአሥር ሴል ድርድር ነው። «60» የተባለውም 15 ሴል ሲሆን በመደበኛው 54 ቮልት ነው። ስለዚህ ሁለት ማሽን ሲያወዳድሩ 36ና 40 የተባሉትን እንደ አንድ ይቁጠሯቸው።

ባትሪው የያዘውን ኃይል ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ ያባዙት። የሚያገኙት ዋት-ሰዓት ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ከባትሪው ሥር በደቂቅ ጽሑፍ ተጽፎ ያገኙታል። የመጀመሪያው 36 ሲባዛ በ4፣ 144 ዋት-ሰዓት ነው። ሁለተኛው 54 ሲባዛ በ5፣ 270። አዎ፣ ሁለተኛው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እርስዎ ግን ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን ይጠቀሙበታል?

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይያዙ። በ41 ሳንቲ ሜትር ማሽን ሲያጭዱ መሐል ላይ ያልተነካ መስመር እንዳይቀር እያንዳንዱን ጉዞ በቀደመው ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርቡታል። እንግዲህ በአንድ ጉዞ የሚሸፍኑት 35 ሳንቲ ሜትር ነው። በግቢዎ ርዝመት ቢመላለሱ 29 ጉዞ ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 16 ሜትር፣ በድምሩ 464 ሜትር። በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር በዝግታ ቢራመዱ ከዘጠኝ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ባለ53ቱ በዚሁ ስሌት 47 ሳንቲ ሜትር እየሸፈነ በ22 ጉዞ፣ በ352 ሜትር፣ በሰባት ደቂቃ ይጨርሳል። ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ከትንሽ ነው። ለዚያች ሁለት ደቂቃ ሲሉ 11 ኪሎ ትርፍ ክብደት በየጥጉ ሊያዞሩ ነው። ይኼን ወገብዎ ላይ አልፈርድም።

ድካሙ ያለውም በማዞሩ ላይ ነው። 29 ጉዞ ማለት 28 መታጠፊያ ማለት ነው፤ የዛፉን ዙሪያና የአበባውን መደብ ጠርዝ ሳንቆጥር። በነገራችን ላይ በወርዱ ቢመላለሱ መታጠፊያው 45 ይደርስ ነበር፤ ስለዚህ ደልዳላው ቦታ ላይ ሁልጊዜ በረጅሙ አቅጣጫ ይሂዱ። በሰፊ ሜዳ ላይ ማሽን የሚመዘነው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው። በትንሽ ግቢ ግን ግማሹ ሥራ መታጠፍ፣ ወደ ኋላ መሳብ፣ ጥግ ውስጥ ገብቶ መውጣት ነው። «በራሱ የሚሄድ» የተባለው ማሽን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚሄደው ወደ ፊት ብቻ ነው። ወደ ኋላ የሚስቡት እርስዎ ነዎት፤ 23 ከሆነ 23 ኪሎ፣ 34 ከሆነ 34 ኪሎ። ሻጭ ይኼን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም፤ እኔ ግን ትንሽ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ከመግዛቱ በፊት እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

እንግዲያው ጭራሽ በራሱ የማይሄደውን፣ ቀላሉን ማሽን ለምን አይገዙም? ግቢዎ ሙሉ በሙሉ ሜዳ ቢሆን ኖሮ እሱን ይግዙ እልዎት ነበር። ለ160 ካሬ ሜትር ደልዳላ ቦታ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን የሚገፋ የባትሪ ማሽን ይበቃል፤ ከጎማ ሞተሩና ከጥርሶቹ ነፃ ስለሆነ የሚበላሸውም ያንሳል። የእርስዎን ጉዳይ የሚለውጠው ያ ተዳፋትና ወገብዎ ነው። ተዳፋት ላይ የጎማው ሞተር በእውነት ያግዝዎታል።

ተዳፋቱን ካነሣን የፊት ጎማና የኋላ ጎማ ነገር ይመጣል። ይኼን የተማርኩት በገዛ ግቢዬ ሣር ነው። የእኔ ግቢ ከእርስዎ ትንሽ ያንሳል፤ ጥጉ ላይ እንደ እርስዎው ከፍ ይላል። የመጀመሪያውን የባትሪ ማሽኔን ስገዛ ሻጩ «በፊት ጎማ የሚነዳው ለጠባብ ቦታ ይመቻል» አለኝ። ውሸት አይደለም፤ እጀታውን ጫን ሲያደርጉት የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣና መንዳቱን ስለሚያቆም ማዞሩ ይቀላል። ስለ ተዳፋቱ ግን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከኋላ ያለው የሣር ከረጢት ከግማሽ በላይ ሞልቶ ወደ ላይ ስወጣ፣ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሄደና የፊት ጎማዎቹ መያዣ አጡ። ማሽኑ ባለበት ቆሞ ጎማዎቹ ብቻ ዞሩ። አቁሜ ስመለከት በሁለቱም ጎማ ሥር መዳፍ የሚያህል ሣር ከነሥሩ ተልጦ ቀይ አፈሩ ወጥቷል። ያ ቦታ እንደገና አረንጓዴ እስኪለብስ ስንት ወር ጠበቅሁ። በኋላ ጎማ የሚነዳ ማሽን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከረጢቱ ሲሞላና ሽቅብ ሲወጡ ክብደቱ የሚያርፈው በሚነዳው ጎማ ላይ ስለሆነ አጥብቆ ይይዛል።

የኋላ ጎማ መንጃም የራሱ ጠባይ አለው። ሲታጠፉ የመንጃውን መጨበጫ አስቀድመው መልቀቅ አለብዎ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ወደ አበባው ይገባል። ከጥጉ አንድ እርምጃ ያህል ሲቀርዎት ይልቀቁት፣ በራሱ ግፊት ይድረስ፣ እጀታውን ጫን አድርገው የፊቱን ያንሡና ያዙሩት፣ ከዚያ እንደገና ይጨብጡ። በሁለተኛው ሳምንት እጅዎ ሳያስቡት ያደርገዋል።

አሁን ደግሞ ሱቅ ሄደው ራስዎ የሚያደርጉትን ልንገርዎት፤ ባትሪ እንኳ አያስፈልግም። ማሽኑን ወለል ላይ አስቀምጠው ሁለት ሜትር ወደ ፊት ይግፉት፣ ወዲያው ወደ ኋላ ይሳቡት። አንዳንዱ ምንም ሳይል ይንከባለላል። አንዳንዱ ግን ጎማው ውስጥ ያለው የጥርስ መያዣ ሳይለቅ ስለሚቀር ያንቃል፤ ጎማው ሳይዞር መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል። እንዲህ ያለውን መጀመሪያ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ገፋ አድርገው ካላላቀቁት አይመለስም። በሰፊ ሜዳ ላይ ይኼ ቁምነገር አይደለም። በ28 መታጠፊያ ላይ ግን 28 ጊዜ ወገብዎን ይይዝዎታል። ሻጩ «ሲለማመድ ይላላል» ቢልዎት አይቀበሉ። ሱቁ ውስጥ በነፃነት ወደ ኋላ የሚንከባለለውን ይምረጡ።

እዚያው እያሉ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ይዩ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ምን ያህል ይፈጥናል ብሎ ነው። እርስዎ ምን ያህል ያዘግማል ብለው ይጠይቁ። ዛፍ ሥር ሲዞሩ የሚፈልጉት የኤሊ እርምጃ ነው፤ ዝቅተኛው ፍጥነቱ ከእርስዎ የሚቀድም ማሽን እየጎተተ ይወስድዎታል። ሲነሣም ዘሎ የሚነሣና ቀስ ብሎ የሚነሣ አለ፤ ባትሪ የተገጠመለት ማሳያ ካላቸው ይሞክሩት። ሌላው፣ ምላጩ ሳይዞር ጎማው ብቻ የሚነዳ መሆኑን ይጠይቁ። ብዙ የባትሪ ማሽኖች ለጎማው የራሱ የሆነ ሁለተኛ ሞተር አላቸው፤ እንዲህ ያለው ማሽን ምላጩ ቆሞ ተዳፋቱን ራሱ ይወጣልዎታል።

በሩ 70 ሳንቲ ሜትር ነው ብለዋል። 41 ወይም 53 የተባለው የምላጩ ስፋት ነው፤ የማሽኑ ውጫዊ ስፋት ከዚያ ይበልጣል፤ ጎማዎቹና ቀፎው ከምላጩ ውጭ ናቸውና። ባለ53ቱ በበሩ ያልፍ ይሆናል፣ ግን የእጅዎን ጣቶች ከመቃኑ ጋር እያሻሸ። ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የማሽኑን ውጫዊ ርዝመትና ስፋት ከመመሪያው ላይ ጽፈው በዚያው ልክ ካርቶን ይቁረጡ። ካርቶኑን መሬት ላይ እየጎተቱ በበሩ ያሳልፉት፣ ዛፉን ያዙሩት፣ በመደቡና በአጥሩ መካከል ያስገቡት። የት ላይ እንደሚጣበቅ፣ የት ወደ ኋላ መሳብ እንዳለብዎት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ያውቃሉ። እኔ ሁለተኛውን ማሽኔን የመረጥኩት እንዲህ ነው፤ ባለ46 ልገዛ ሄጄ ካርቶኑ ከመደቡ ጋር ስለተጣበቀ በባለ41 ተመለስኩ።

ወደ ባትሪው ልመለስ፤ ዋናው ዕቃ እሱ ነውና። ሣሩ ደረቅና መጠነኛ ከሆነ ይኼን የሚያህል ማሽን ከ400 እስከ 600 ዋት ግድም ይስባል። መታጠፊያውን ጨምረን 15 ደቂቃ ቢሠሩ በ500 ዋት 125 ዋት-ሰዓት ይወስዳል። 144ቱ ይበቃል፤ ግን ለጥቂት ነው። ሣሩ ሲያድግ ወይም ሲረጥብ የሚስበው በእጥፍ ሊጨምር ይችላል። ተዳፋቱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ባትሪም እንደ ሰው ያረጃል፤ ዛሬ የያዘውን ከአራት ዓመት በኋላ አይዝም። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ነዳጅ እንዳለቀበት ሞተር እየተንተፋተፈ አያስጠነቅቅዎትም፤ እስከ መጨረሻው በጉልበቱ ሠርቶ ድንገት ቀጥ ይላል። ባለ5 ሲሆን 180 ዋት-ሰዓት፣ ባለ6 ሲሆን 216 ያገኛሉ። ከዚያ በላይ ለእርስዎ ግቢ ሸክም ነው።

ባትሪው ብቻውን እንደሚሸጥ፣ ቻርጀሩ ስንት አምፔር እንደሚሰጥም ይጠይቁ። ባለ5 አምፔር-ሰዓት ባትሪ በባለ2 አምፔር ቻርጀር ሁለት ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል፤ በባለ5 አንድ ሰዓት ያህል። ለእርስዎ ቀርፋፋው ይበቃል። ማሽኑ ሁለት የባትሪ ማስገቢያ ካለው ደግሞ ተጠንቅቀው ይጠይቁ፤ በአንዳንዱ ሁለተኛው ቦታ መጠባበቂያ ነው፣ በሌላው ግን ሁለቱም ካልገቡ ማሽኑ አይነሣም። ማኪታ የተባለው ፋብሪካ ለምሳሌ ሁለት ባለ18 ቮልት ባትሪ አንድ ላይ ገብተው 36 ቮልት የሚሆኑባቸው ማሽኖች አሉት፤ ኢጎ የተባለው ደግሞ በአንድ ባለ56 ቮልት ባትሪ ይሠራል። የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይሆንም። ቤትዎ ውስጥ ባትሪ ያለው መብሻ ወይም አጥር መከርከሚያ ካለ ያ ባትሪ የሚገባበትን ማሽን መፈለጉ ያዋጣል። የግቢውን ጠርዝ የሚያስተካክሉበት በክር የሚቆርጥ መሣሪያም ማስፈለጉ አይቀርም። ምንም ያህል ጠባብ ማሽን ቢገዙ አጥሩ ሥር የምላጩ አፍ የማይደርስበት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሣር ይቀራልና።

የሞተሩን ዓይነት በአጭሩ፦ ካርቦን የሌለውን፣ ብራሽለስ የሚባለውን ይምረጡ። ካርቦን ስለማይበላ ዕድሜው ይረዝማል፤ ከዚያው ባትሪም የበለጠ ሥራ ያወጣል። ቀፎው ፕላስቲክ ቢሆን አይዘኑ፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም። ብረቱ ጠጠር ይችላል፣ ግን እርጥብ ሣር ሥሩ ተለጥፎ ሲያድርበት ይበላዋል። እጀታው ከቁመትዎ ጋር የሚስተካከል መሆን አለበት። ክርንዎ ትንሽ ታጥፎ፣ ጀርባዎ ቀጥ ብሎ መሄድ ካልቻሉ ሌላው ሁሉ ቢሟላም አይግዙት። ዘይትና ቤንዚን ስለሌለው እጀታው ታጥፎ ቆሞ የሚቀመጥ ማሽንም አለ፤ ቦታ ለሚያጥረው ቤት ጥሩ ነው። ለዚያ የተሠራ መሆኑን ግን መመሪያው ላይ ያረጋግጡ።

ተዳፋቱን ሲያጭዱ ወደ ላይና ወደ ታች አይሂዱ፤ አግድም ይሂዱ። ወደ ታች ሲሄዱ ቢያንሸራትትዎ ወደ ማሽኑ ይሄዳሉ፤ ወደ ላይ ሲሄዱ ቢያመልጥዎ ወደ እግርዎ ይመጣል። ጤዛው እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ሶሉ የሚይዝ የተሸፈነ ጫማ ያድርጉ። ወደ ኋላ ከመሳብዎ በፊት ሁልጊዜ ዞር ብለው ይዩ፤ በተለይ የልጅ ልጆች ግቢ ውስጥ ካሉ ማሽኑ እስኪቆም ልጆቹ ወደ ቤት ይግቡ። ምላጩ ጋር እጅዎን ለማስገባት ሲያስቡ፣ የተጠቀለለ ሣር ለማውጣት እንኳ ቢሆን፣ መጨበጫውን መልቀቅ አይበቃም። ባትሪውን ያውጡ፣ የደኅንነት ቁልፉንም ነቅለው ኪስዎ ይክተቱ። የቤንዚኑ ማሽን ጠፍቶ እንደሆነ በድምፁ ያውቁት ነበር። ይኼኛው ዝም ብሎ ቆሞም ዝግጁ ነው።

ጥያቄ፦ የሣር ማጨጃዬ ባትሪ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቻርጅ ግቢዬን ሁለት ጊዜ ያጭድልኝ ነበር። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ አንዱንም ጊዜ መጨረስ አቅቶታል። ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ እንዲጠብቀኝ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ቻርጀሩ ላይ ነው የምተወው። አዲስ ባትሪ ልግዛ ወይስ የሚጠገን ነገር ነው?
ከሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑን ያገላብጡት። ባትሪውንና ቁልፉን ያውጡና በጎኑ ያጋድሙት። ቀፎው ሥር የደረቀ ሣር እንደ ጭቃ ተጋግሮ ከሆነ በእንጨት ፍቀው ያውጡት፤ ውኃ በግፊት አይርጩበት። የምላጩን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ከደነዘዘ ሞተሩ ያንኑ ሣር ለመቁረጥ የበለጠ ይስባል። የማጨጃው ከፍታም ዝቅ ብሎ ይሆናል። እነዚህን አስተካክለው አንድ ጊዜ ይሞክሩ። የደከመ የመሰለ ባትሪ ከምላጭ መሳል በኋላ ግቢውን ሲጨርስ አይቻለሁ።

ያም ሆኖ ካልተሻለው የጎዳው ያ ዕቃ ቤት ይመስለኛል። የሊቲየም ባትሪን ሁለት ነገር ያስረጀዋል፤ ሙቀት፣ እና ሙሉ ሆኖ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ። እርስዎ ሳያውቁ ሁለቱን አንድ ላይ ሰጡት፤ ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሥር ከሥራ በሌለበት ቀን ሁሉ ጢም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ የጠፋው አቅም አይመለስም፣ አዲስ መግዛት ግድ ይሆናል። አዲሱን ቤት ውስጥ፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ለሳምንታት የማይጠቀሙበት ከሆነ ግማሽ ያህል ይሁን፤ አራት መብራት ካለው ሁለቱ ሲበሩ ማለት ነው። ሊያጭዱ ባሰቡበት ዋዜማ ይሙሉት። አጭደው እንደጨረሱ ትኩሱን ወደ ቻርጀር አያስገቡት፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜም ቻርጅ አያድርጉት።

አሮጌውን ሲያወጡት ቀፎው ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ዳግመኛ አይሰኩት። ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣል፤ ተጨፍልቆ እሳት ያስነሣል። አሮጌ ባትሪ ወደሚቀበል ቦታ ይውሰዱት፣ እስከዚያው ብረቶቹን በፕላስተር ይሸፍኗቸው።

ጥያቄ፦ ካጨድኩ በሁለተኛው ቀን የሣሩ ጫፍ በሙሉ ቡናማ ይሆንብኛል። ውኃ አላጓድልበትም። በሽታ ይሆን?
ሣሯ ያሳዘናት

መልስ፦ አንድ ዘለላ ሣር ነቅለው ጫፉን ከዓይንዎ ጠጋ አድርገው ይዩት። ቁርጡ እንደ መቀስ ቁርጥ ጥርት ያለ ከሆነ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን። እንደ ተበጠሰ ክር ጭራ ጭራ ካለው ግን በሽታ አይደለም፤ ምላጭዎ ደንዝዟል። ሣሩን አልቆረጠውም፣ ቦጭቆታል፤ የተቦጨቀው ጫፍ ደርቆ ነው የሚጠቁረው።

መሳሉን ራስዎ ይችሉታል። ባትሪና ቁልፍ ወጥቶ፣ ወፍራም ጓንት አድርገው፣ ምላጩ እንዳይዞር በእንጨት ቁራጭ ቀፎው ላይ ያስደግፉትና ብሎኑን ይፍቱ። ከመፍታትዎ በፊት ወደ መሬት የሚያየውን ፊት በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ ተገልብጦ የገባ ምላጭ አያጭድም። ሞርሳ ላይ አስረው ፋብሪካው ያወጣለትን ዝንባሌ ተከትለው በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ ይግፉ። በአንዱ ጫፍ 20 ጊዜ ከገፉ በሌላውም 20። እንደ ሥጋ ቢላዋ መሳል የለበትም፤ እንዲያ የሳሳ ጠርዝ የመጀመሪያው ጠጠር ያጥፈዋል። ከዚያ መሐሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ይስቀሉት። አንዱ ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ ያ ጫፍ ከብዷል፣ ትንሽ ይሞረድ። ቀጥ ብሎ አግድም እስኪቆም ይህን ይድገሙት፤ ሚዛኑን የሳተ ምላጭ ማሽኑን እያንቀጠቀጠ የሞተሩን ኩሽኔታ ይጨርሳል። ስንጥቅ ያዩበትን ምላጭ ግን አይሳሉት፣ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ የታጨደውን ሣር በከረጢት ልሰብስብ ወይስ ማሽኑ እንዲያደቅቀውና እዚያው እንዲበትነው ልተወው? ግቢዬ ትንሽ ስለሆነ የት እንደምጥለው ቸግሮኛል።
አዲስ ጀማሪ

መልስ፦ ይበትኑት። የደቀቀው ሣር ቀስ በቀስ ይበሰብስና የወሰደውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይመልሳል፤ ከረጢቱም ስለማይሞላ ማሽኑ ሳይከብድ ይጨርሳሉ። ይኼ የሚሠራው ግን ሣሩ ደረቅ ሲሆንና ከቁመቱ ከሲሶ በላይ በአንድ ጊዜ ካልወሰዱበት ነው። ቁመቱ 9 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ማሽኑን 6 ላይ ያድርጉት። ለጉዞ ሄደው ሲመለሱ ሣሩ እስከ ጉልበትዎ አድጎ ካገኙት ያን ቀን ማሽኑን ከፍ አድርገው በከረጢት ይሰብስቡ፤ ከአራት ቀን በኋላ ዝቅ አድርገው ይድገሙት፣ ከዚያ ወደ መበተኑ ይመለሱ።